«ጆሮው አልፏል» ተብሎ ከሆስፒታል የወጣ ልጅ ለምን አይሰማም?

ከፍኖተ ሰላም አቅራቢያ የሚኖሩ አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ አጠር ተደርጎ ሲቀርብ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ሆኖታል። የተወለደው ጊዜው ሳይደርስ በ32 ሳምንት ነው። እንደተወለደ ወዲያው አላለቀሰም፤ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኦክስጅን ተደረገለት፤ ቢጫ ሆኖ በሰማያዊ መብራት ሥር ሰነበተ፤ በመጨረሻም ደሙን ቀየሩለት። ስንወጣ ጆሮው ውስጥ ትንሽ መሣሪያ አስገብተው አዩና ‹አልፏል› አሉን። ዛሬ ግን ‹እማ› እንኳን አይወጣውም። አንድ ቀን ስጠራው ዞሮ ያየኛል፤ በማግሥቱ ጮኼ ብጠራው ዘወርም አይል። አማቴ ‹አጎቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው፤ ተይው› ይላሉ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ‹ክርስትና ሳይነሣ ከቤት ስላወጣሽው ነው› ይሉኛል። በጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ‹የጆሮ ነርቭ ችግር ሊሆን ስለሚችል አስመርምሪው› አለችኝ። ይህ ችግር በምን ይመጣል? ጥፋቱ የእኔ ነው? አሁን የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የሚመጣውስ ልጅ?»

ውድ እህታችን፤

ከጥያቄዎችዎ መካከል ሁለተኛውን አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ እሱ ሳይመለስ የቀረውን ብናገር ልብዎ አይቀበለውምና። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ሕፃን ክርስትና ሳይነሣ ከቤት መውጣቱ ከመስማት ነርቭ ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር የለም። ልጅዎ በ32 ሳምንት ተወልዶ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ቢጫ ሆኖ ሳለ ዛሬ በእግሩ የሚሄደው ሆስፒታል በመድረሱ ነው። ጎረቤቶችዎ የሚሉትን በክፋት እንደማይሉት እገምታለሁ፤ ነገር ግን ንግግሩ እናትን ከማሳዘን አልፎ ምርመራውን የሚያዘገይ ከሆነ ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ነርሷ የሰጠችዎ ምክር ትክክል ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ያሰፈሯቸው አራት ነገሮች፣ ማለትም ያለ ጊዜው መወለዱ፣ ወዲያው አለማልቀሱ፣ ደም እስከመቀየር ያደረሰው ቢጫነትና በጽኑ ሕሙማን ክፍል መቆየቱ፣ ለመስማት ነርቭ ችግር አጋላጭ ተብለው በሕክምናው ከሚታወቁት ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። አጋላጭ ማለት ግን በሽታው አለ ማለት አይደለም። እነዚህን ሁሉ አልፈው በደህና የሚሰሙ ብዙ ልጆች አሉ፤ በሌላ በኩል አንድም አጋላጭ ሁኔታ ሳይገኝባቸው ነርቫቸው የተጎዳ ሕፃናትም አሉ። የአጋላጭ ሁኔታዎች ጥቅም ማን በጥንቃቄና በትክክለኛው መሣሪያ መመርመር እንዳለበት ማመልከታቸው ነው፤ የእርስዎ ልጅ ደግሞ ያለ ጥርጥር ከእነዚህ አንዱ ነው።

«አልፏል» የተባለውን ምርመራ በሚገባ መረዳት ያስፈልጋል። ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ይነቀንቃል፤ ከታምቡሩ ጀርባ ያሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶችም ንቅናቄውን ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። እዚያ፣ ኮክሊያ በሚባለው ጥምዝምዝ ክፍል ውስጥ፣ ጫፋቸው ፀጉር የሚመስል ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ተሰልፈዋል። በውጭ በኩል በሦስት ረድፍ የቆሙት ሥራቸው ድምፁን ማጉላትና ማጥራት ሲሆን፣ በውስጥ በኩል በአንድ ረድፍ ያሉት ደግሞ ድምፁን ወደ ነርቭ መልእክት ለውጠው ለመስማት ነርቭ ያስረክባሉ። ከሆስፒታል ስትወጡ በልጅዎ ጆሮ ውስጥ የገባችው ትንሽ መሣሪያ፣ ባለሙያዎች ኦኤኢ የሚሉት ምርመራ መሣሪያ ትመስለኛለች። እሷ ድምፅ ትልካለች፤ የውጭዎቹ ሕዋሳት ጤነኛ ከሆኑ በምላሹ እጅግ ደካማ ድምፅ ይመልሳሉ፤ መሣሪያዋም እሱን ትለቅማለች። ስለዚህ «አልፏል» ሲባል የውጭዎቹ ሕዋሳት ይሠራሉ ማለት ብቻ ነው። ስለ ውስጠኞቹ ሕዋሳት፣ ሕዋሱና ነርቩ ስለሚገናኙበት ቦታ፣ ስለ ነርቩና ስለ አንጎል ግንድ ይህ ምርመራ ምንም አይናገርም። በወረቀት ላይ «የመስማት ምርመራ፦ አልፏል» ብሎ ጽፎ የትኛው ምርመራ እንደተደረገ ሳይገልጹ ወላጅን ማሰናበት፣ በእኔ አስተያየት፣ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

ችግሩ ከውስጠኞቹ ሕዋሳት ጀምሮ ወደ አንጎል በሚወስደው መንገድ ላይ ሲሆን የሙያው ሰዎች ኦዲቶሪ ኒውሮፓቲ ይሉታል። ስያሜው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ በ2008 በጣሊያን ኮሞ ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ችግሩ ከልጅ ልጅ እጅግ እንደሚለያይ ለማሳየት «ስፔክትረም» የሚለውን ጨምረውበታል። ቋሚ የመስማት ችግር ካለባቸው ሕፃናት ከአሥሩ አንዱ ገደማ የዚህ ዓይነት ነው ተብሎ ይገመታል። ድምፁ ወደ ጆሮ በሥርዓቱ ይገባል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ግን ጊዜውን አይጠብቅም። ሠርግ ቤት ሰው ሁሉ በአንድነት ሲያጨበጭብ ምቱ ከሩቅ ይለያል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ ሲያጨበጭብ ግን እጆቹ ያው ሆነው ሳለ ጫጫታ እንጂ ምት አይሰማም። በሺዎች የሚቆጠሩት የነርቩ ክሮች እኩል መነሣት ሲያቅታቸው በልጁ አንጎል ዘንድ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ድምፅ መኖሩን ቢያውቅም ቃሉን ከቃል መለየት ይቸግረዋል።

አንድ ቀን ዞሮ በማግሥቱ የማይዞርበት ምክንያትም በዚህ ሊገለጽ ይችላል። በዚህ ችግር የመስማት መጠን ከቀን ቀን፣ አንዳንዴም ከሰዓት ሰዓት መለዋወጡ የተለመደ ነው፤ ጫጫታ ባለበት ደግሞ በጣም ይብሳል። በክረምት ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ ልጅዎ ፈጽሞ መልስ የማይሰጥ፣ ሌሊት ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ግን በቀስታ ሲጠሩት የሚነቃ ከሆነ፣ ይህን ለሐኪሙ መንገር አይርሱ። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ «ሲፈልግ ይሰማል» ብሎ እንደ እልኸኛ ይቆጥረዋል፤ በዚህም ሳያስበው ይበድለዋል።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ ልግባ። በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ደም እስከመቀየር የደረሰው ቢጫነት ነው። ሕፃን ሲወለድ ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳቱ እየፈረሱ ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ ጉበቱ ገና ስላልጠነከረም ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። በጊዜያቸው በተወለዱ ብዙ ሕፃናት ላይ ቢጫነቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ታይቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለ ጉዳት ይጠፋል። መጠኑ በጣም ሲጨምር ግን ቢሊሩቢኑ ወደ አንጎል ይገባል፤ እዚያም ከሚጎዳቸው ሁሉ ፈጥነው ከሚነኩት መካከል የመስማት ነርቭና በአንጎል ግንድ ውስጥ ያሉት የመስማት ማዕከላት ይገኛሉ። የሚገርመው የውጭዎቹን ፀጉር መሰል ሕዋሳት አብዛኛውን ጊዜ አይነካቸውም። ስለዚህ በቢጫነት የተጎዳ ልጅ ኦኤኢውን በቀላሉ ያልፋል፤ የእጅና የእግሩ እንቅስቃሴም ደህና ሆኖ ችግሩ በመስማት ላይ ብቻ ሊወሰን ይችላል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በጊዜያቸው የተወለዱትን በማይጎዳ መጠንም ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ሐኪሞች መብራቱንም ሆነ ደም መቀየሩን ለእነሱ ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ለልጅዎ የተደረገለት ሕክምና ተገቢ ነበር፤ ችግሩን ያመጣው ሕክምናው ነው ብለው እንዳያስቡ።

በዚሁ ላይ አንድ ተስፋ አለ። ቢጫነት ያመጣው የነርቭ ችግር በአንዳንድ ሕፃናት ላይ በወራት ውስጥ እየተሻሻለ ይሄዳል፤ መሻሻሉ እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ተኩል ድረስ ሊቀጥል ይችላል። ልጅዎ ግን ያንን ዕድሜ እያገባደደ ስለሆነ «ይሻለው ይሆናል» ብሎ ያለ ምርመራ መጠበቅ ለእሱ አይሠራም።

ያለ ጊዜ መወለድና የትንፋሽ ማጠር በአብዛኛው ተያይዘው ይመጣሉ። ሳንባው ያልጠነከረ ሕፃን በቂ ኦክስጅን አያገኝም፤ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ የኦክስጅን እጥረት ሲደርስ ከውጭዎቹ ሕዋሳት ይልቅ ውስጠኞቹ በበለጠ ይጎዳሉ። የክብደት ማነስ፣ በተለይ ከ1500 ግራም በታች መወለድ፣ እንዲሁም በመሣሪያ መተንፈስ ከዚሁ ጋር ይቆጠራሉ። እነዚህ ነገሮች በአንድ ሕፃን ላይ ሲደራረቡ ሥጋቱም ይደራረባል፤ የትኛው የቱን ያህል እንደጎዳው ለይቶ መናገር ግን በአብዛኛው አይቻልም፤ ለሕክምናውም አያስፈልግም። የአሜሪካ የሕፃናት መስማት ጥምር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከ5 ቀን በላይ የቆየ ሕፃን ነርቩን በሚያይ ምርመራ እንዲታይ ያዘዘው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ጄንታማይሲንም ስሙ ከጆሮ ጋር ይነሣል። ይህ መድኃኒት ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ ይሁን እንጂ በአብዛኛው የሚጎዳው የውጭዎቹን ሕዋሳት ነውና ኦኤኢን ላለፈ ልጅ ዋናው ተጠርጣሪ አይደለም። ደግሞም በደም ውስጥ ኢንፌክሽን የገባበት ጨቅላ ያለ መድኃኒት በቀናት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል፣ ለወደፊቱ «ጆሮ ያደነቁራል» ሲባል ሰምተው መርፌውን እንዳይከለክሉ አደራ እላለሁ። መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደተሰጠ የሚያሳየው ወረቀት ግን ካለ ያስቀምጡት። ማጅራት ገትርም የመስማት ችሎታን ይጎዳል፤ ከእሱ የዳነ ልጅ ሁሉ ወዲያው ጆሮው ሊመረመር ይገባል፤ የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ከዚያ በኋላ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ስለሚችል መዘግየት ዋጋ ያስከፍላልና።

አማትዎ ያነሡት የአጎት ነገር ሊናቅ አይገባም፤ የምመለከተው ግን እሳቸው ባሰቡት መንገድ አይደለም። አጎትየው ዘግይቶ ተናገረ ወይስ ዛሬም በደንብ አይሰማም? በእናትም በአባትም ወገን ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው የሚከብደው ወይም አካሄዱ የሚንገዳገድ ሰው አለ? አንዳንድ የነርቭ ችግሮች በዘር ይወረሳሉና ሐኪሙ ይህን መጠየቁ አይቀርም። ከእነሱ መካከል በደንብ የተጠናው ኦቶፈርሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚያዘጋጀው ዘረ መል ሲበላሽ የሚመጣው ነው፤ ይህ ፕሮቲን ከሌለ ውስጠኞቹ ሕዋሳት መልእክታቸውን ለነርቩ ማስረከብ አይችሉም። ሁለቱም ወላጆች ራሳቸው ደህና ሆነው የተበላሸውን ዘረ መል ከተሸከሙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። በጎጃም ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠራችን የዚህ ዓይነቱን አጋጣሚ ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም፤ ዝምድና የሌላቸው ባልና ሚስትም ሳያውቁት አንድ ዓይነት ዘረ መል ሊሸከሙ ይችላሉና። ትኩሳት ሲይዘው ብቻ የማይሰማ፣ ትኩሳቱ ሲለቀው የሚሰማ ልጅ ካጋጠመም የዚህ ዘረ መል ችግር ይጠረጠራል። የእርስዎ ልጅ ታሪክ በግልጽ ወደ አወላለዱ የሚያመለክት በመሆኑ የዘር ነገር ሁለተኛ ሆኖ ይታየኛል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀሳቸው። በአንዳንድ ልጆች ነርቩ ራሱ ከመጀመሪያው ቀጥኖ ወይም ጨርሶ ሳይኖር ይፈጠራል፤ ይህ በአንድ ጆሮ ብቻም ሊሆን ይችላል፤ የሚታየውም የውስጥ አካልን በምስል በሚያሳየው ኤምአርአይ በሚባለው ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በእስራኤል ቫይታሚን ቢ1 የጎደለው የአኩሪ አተር የሕፃናት ወተት የጠጡ ሕፃናት ነርቫቸው ተጎድቶ፣ ከእነሱም አንዳንዶቹ የመስማት ነርቭ ችግር ተገኝቶባቸዋል። የጡት ወተት ለጠባ ልጅዎ ግን ይህ የሚያሠጋ አይመስለኝም።

«ተይው» ብሎ ዝም ብሎ መጠበቅን በተመለከተ አማትዎን በአክብሮት እንዲህ ብለው ቢያስረዷቸው እወዳለሁ፤ ልጁ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ስለተወለደ እሱን ቀንሰን ብናስብ እንኳን ዓመት ከአራት ወሩ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ጥቂት ቃላት ሊኖሩት ይገባል። አንጎል ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበልበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ናቸው። በዘርፉ የተለመደው ምክር ሕፃን በ1 ወሩ ተጣርቶ፣ በ3 ወሩ ችግሩ ተለይቶ፣ በ6 ወሩ እርዳታ እንዲጀምር ነው። ያ ጊዜ አልፏል፤ ይህን የምነግርዎ ለጸጸት ሳይሆን እስከሚመጣው መስከረም እንኳን እንዳያቆዩት ነው።

ልጅዎ የሚያስፈልገው ምርመራ ኤቢአር ይባላል። በግንባሩና ከጆሮዎቹ ጀርባ ትንንሽ ሽቦ ያላቸው ተለጣፊዎች ይደረጉና በጆሮው ድምፅ እየተላከ፣ ነርቩና የአንጎል ግንዱ የሚሰጡት የኤሌክትሪክ ምላሽ በኮምፒውተር ይነበባል። አያምም፤ መርፌም የለውም። ልጁ ግን ጭልጥ ብሎ መተኛት አለበት፤ ቢነቃነቅ ንባቡ ይበላሻል። በዓመት ተኩሉ በራሱ እንቅልፍ ማስተኛት ስለሚከብድ የማስተኛ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብና ጡት እንደማይሰጠው ቀድመው ይጠይቁ፤ መንገድ ላይ አጥብተውት ደርሰው ቀጠሮው የሚሰረዝባቸው እናቶች ጥቂት አይደሉም። መድኃኒት የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ ጠዋት በጊዜ ቀስቅሰው፣ በአውቶቡስ ላይ እንዳይተኛ እያጫወቱ፣ እዚያው ምርመራ ክፍል ውስጥ አጥብተው ያስተኙት።

በፍኖተ ሰላም ካለው ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ያጽፉ፤ ከመነሣትዎ በፊት ግን በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአንገት በላይ ሕክምና ክፍል ኤቢአር በዚያ ሳምንት እየተሠራ መሆኑን በስልክ ያጣሩ። የመንገዱን ሁኔታ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ነፍሰ ጡር ሆነው ልጅ አዝለው በከንቱ እንዲመላለሱ አልፈልግም። በዚያ ከሌለ ሪፈሩ ወደ አዲስ አበባ ይሁን። ሲሄዱ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲወጡ የተሰጠዎትን ወረቀት፣ የቢሊሩቢኑ ከፍተኛ መጠን የተጻፈበትን የላቦራቶሪ ውጤትና በተለይም ያንን «አልፏል» የሚለውን ወረቀት ይያዙ። በአንዳንድ ልጆች የኦኤኢው ምላሽ ከዕድሜ ጋር ይጠፋል፤ ያኔ ችግሩ ተራ የመስማት ጉድለት ሊመስል ስለሚችል የያኔው ውጤት ትልቅ ማስረጃ ነው። መርማሪውን ደግሞ «የነርቭ ችግር ይጠረጠራልና ድምፁ በሁለቱም ፖላሪቲ (የድምፁ ሞገድ በሚነሣባቸው ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች) ይላክ» ብለው በትሕትና ይጠይቁ፤ የሕዋሳቱ ምላሽ ከነርቩ ምላሽ ተለይቶ የሚታወቀው በዚህ ነው። በዚያው ቀን ኦኤኢውም ይደገምለት፤ የመሐል ጆሮውም ውኃ አለመቋጠሩ ይታይለት።

እስከዚያው ድረስ ቤት ውስጥ ልጁን ለመፈተን ሲሞክሩ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቡና ሲወቀጥ ዞረ ማለት ሰማ ማለት ላይሆን ይችላል፤ የሙቀጫው ምት በመሬቱ በኩል እግሩን ይነካዋል። በር ሲዘጋም ነፋሱና ብርሃኑ ይነግሩታል። ከኋላው፣ ጥላዎ ሳይታየው፣ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ በስሙ ይጥሩትና የዞረበትንና ያልዞረበትን ጊዜ ጻፉት፤ ውጤቱ ለሐኪሙ መረጃ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ሲያነጋግሩት ፊት ለፊት ቁጭ ብለው፣ አፍዎን እያየ፣ በእጅ ምልክት እያገዙ ያነጋግሩት፤ ምልክት ማሳየት ከመናገር ያዘገየዋል የሚባለው መሠረት የለውም። ጆሮው ውስጥ ቅቤ፣ ዘይት ወይም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ እንዳይጨመርበት፤ «ምላሱ ተይዟል» ወይም «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎም እንዳይቆረጥበት። ጸበሉን ቢያስጠምቁት ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ ሪፈሩ ግን ለጸበሉ ሱባኤ ሲባል አይቆይ።

ምርመራው ችግሩን ካረጋገጠ መንገዱ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ልጅ በማዳመጫ መሣሪያ ይጠቀማል፤ አንዳንዱ በእሱ ድምፁ ቢጎላለትም ቃሉ አይጠራለትም። እንዲህ ላለው ኮክሊያር ኢምፕላንት የሚባለው በቀዶ ሕክምና የሚገባ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ነርቩ የቀጠነ ወይም የሌለ ከሆነ ግን ውጤቱ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ኤምአርአይ ይቀድማል። ከኦቶፈርሊን ችግር ጋር ለተወለዱ ሕፃናት የዘረ መል ሕክምና ተሞክሮ የተሳካ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል፤ ይህ ግን የልጅዎ ታሪክ የሚያመለክተው ዓይነት አይደለምና ተስፋዎን እዚያ ላይ አይጣሉ። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋን መላው ቤተሰብ መማር ከጀመረ ደግሞ የትኛውም መሣሪያ ቢዘገይ ልጁ ያለ ቋንቋ አይቀርም። እኔ ብሆን ውጤቱን ሳልጠብቅ ዛሬውኑ እጀምር ነበር።

የቀረው የሚመጣው ልጅ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ችግር ከአወላለዱ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ሁለተኛው ልጅ ሥጋቱ የሚመነጨው እሱም ያለ ጊዜው ይወለድ እንደሆነ ነው፤ አንድ ጊዜ ያለ ጊዜዋ የወለደች እናት ደግሞ ይህ እንዳይደገምባት ከሌሎች ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል። የመጀመሪያው በ32 ሳምንት መወለዱን በእያንዳንዱ የእርግዝና ክትትል ላይ ይንገሩ፤ ካርዱ ላይ ያስጽፉት። የደም ዓይነትዎ፣ በተለይ አርኤች ኔጌቲቭ መሆን አለመሆንዎ፣ አሁኑኑ ይታወቅ፤ የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ብርቱ ቢጫነት ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ ነውና፤ በሁለተኛ እርግዝና ላይም ይጠነክራል። ለመጀመሪያው ልጅ ደም የተቀየረለት በዚህ ምክንያት ይሆን እንደሆነ ሐኪሙን ሳይጠይቁ እንዳይመለሱ። ሽንት ሲያቃጥልዎ፣ ፈሳሽ ሲያዩ ወይም ሆድዎ አለጊዜው እየተኮማተረ ሲያምዎ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ምጡ ያለ ጊዜው ሊመጣ ሲል የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ለእናቲቱ ይሰጣል፤ ይህ መርፌ የሚጠቅመው ግን ከመውለድዎ በፊት ሲደርሱ ብቻ ነው። ቤትዎ ከከተማው የሚርቅ ከሆነ መውለጃዎ ሲቃረብ በእናቶች ማቆያ እንዲቆዩ እመክራለሁ፤ የሚወልዱትም የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለበት ሆስፒታል ይሁን።

ከወለዱ በኋላ እንገሩን አይጣሉት፤ በመጀመሪያው ሰዓት ያጥቡት፤ ቅቤም ሆነ ውኃ አያስቀድሙበት። በደንብ ያልጠባ ሕፃን ቢሊሩቢኑን በሰገራ አያስወጣውምና ቢጫነቱ ይብሳል። የአራስ ቤት በእኛ አገር ጨለም ስለሚል ቢጫነቱ ቀናት ሙሉ ሳይታይ ይቀራል፤ በየቀኑ ሕፃኑን በቀን ብርሃን ወደ በሩ አቅርበው ግንባሩን በጣት ጫን አድርገው ሲለቁ የሚታየውን ቀለም፣ የዓይኑን ነጭና ድዱን ይመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የታየ ቢጫነት ሁልጊዜ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው። ቢጫው ወደ ሆድና ወደ እግር ከወረደ፣ ሕፃኑ መጥባት ካቆመ፣ ከመጠን በላይ ከተኛ፣ በቀጭን ድምፅ ካለቀሰ ወይም ጀርባውን ወደ ኋላ ከለመጠ አንድ ሌሊት እንኳን አይደር። ጠዋት ፀሐይ ማሞቅም ሆነ ለወፍ በሽታ ተብሎ የሚሰጠው የባህል መድኃኒት ሰማያዊውን መብራት አይተካውም።

ሕፃኑ በጊዜው ተወልዶ፣ ወዲያው አልቅሶ፣ ቢጫም ሳይሆን ቢቀር እንኳን ታላቅ ወንድሙ እስኪጣራ ድረስ የዘር ነገር ሙሉ በሙሉ አልተዘጋምና፣ ከአንድ ወሩ በፊት በኦኤኢ ብቻ ሳይሆን በኤቢአር እንዲታይ ይጠይቁ። በዚያ ዕድሜ ጠብቶ ከተኛ በኋላ ያለ ምንም መድኃኒት ሊመረመር ስለሚችል፣ የታላቁን ክትትል ቀጠሮ ከዚያው ሳምንት ጋር ቢያስተካክሉት አንዱ ጉዞ ለሁለቱም ይበቃል።